ከባድ ካራቫን የሚጎትት ፒክአፕ፦ ጉልበቱን መጨመር ይቻላል፤ የተፈቀደለት ክብደት ግን አይጨምርም

ስኪዳም ከሮተርዳም ጋር የተያያዘች የደቡብ ሆላንድ ከተማ ናት። የምትታወቀው ጄኔቨር በተባለው የአልኮል መጠጥና ለዚሁ መጠጥ የሚሆነውን ብቅል ይፈጩ በነበሩ ረጃጅም የንፋስ ወፍጮዎቿ ነው። «ደ ኖርድ» የተባለው ወፍጮ እስከ ጣሪያው ድረስ ብቻ ከ33 ሜትር በላይ ይረዝማል። ወፍጮዎቹ እንዲህ ተቆልለው የተሠሩት ከቤቶቹ በላይ የሚያልፈውን ንፋስ ለማግኘት ነበር። በከተማዋ ዙሪያ እነርሱን የሚያህል ኮረብታ አይገኝም። እንዲያውም ከሮተርዳም በስተምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኘው የኔዘርላንድስ ዝቅተኛ ቦታ ከባሕር ወለል በታች 6.76 ሜትር ነው።

ለተሽከርካሪ ይህ ምቹ አገር ነው። በስኪዳም የሚኖር ፒክአፕ ዓመቱን ሙሉ የሚገጥመው ዋነኛ ዳገት በኒው ማስ ወንዝ ሥር ከሚያልፈው የቤኔሉክስ ዋሻ መውጫ ነው። የሞተሩ ድካም የሚታወቀው በክረምቱ ዕረፍት፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የኔዘርላንድስ ካራቫኖች ወደ ደቡብ በሚያመሩበት ወቅት ነው።

እንበልና በስኪዳም የሚኖር አንድ ቤተሰብ ባለ 150 የፈረስ ጉልበት የናፍጣ ፒክአፕ አለው። ሙሉ ክብደቱ 1,800 ኪሎ የሆነ ባለ ሁለት አክስል ካራቫን ገዝቶ ወደ ሰሜን ጣሊያን ይነሳል። ጀርመንን እስኪያቋርጥ ችግር የለም። የአልፕስ ዳገት ሲጀምር ግን ፍጥነቱ ከ80 ወደ 60፣ ከዚያም ወደ 50 ይወርዳል። የሙቀት መለኪያው ሽቅብ ይወጣል፤ ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች መብራት ያበራሉ። አባወራው ሲመለስ የመጀመሪያ ጥያቄው «የዚህን መኪና ጉልበት እንዴት ልጨምር?» የሚል ይሆናል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ከሚጠበቀው ቦታ አይገኝም።

ጉልበቱ የት ይሄዳል?

ካራቫን የሚጎትት ሞተር ሦስት ነገሮችን ይታገላል፦ የጎማዎቹን የመሽከርከር ተቃውሞ፣ አየርንና ዳገትን። በሜዳ ላይ ዋናው ባላጋራ አየር ነው። ካራቫን ከፊት ሲታይ ግድግዳ ማለት ነው። አየርን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ፍጥነት ሲጨምር በእጅጉ ያሻቅባል፤ ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ ሲባል እጥፍ ለመሆን ጥቂት ይቀረዋል።

ዳገት ላይ ስሌቱ ይለወጣል። ከላይ የጠቀስነው ቤተሰብ፣ ጓዙ፣ መኪናውና ካራቫኑ በአንድ ላይ 4,200 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። ይህን ክብደት በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለማውጣት፣ ለከፍታው ብቻ 100 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። አየርና ጎማ ሲደመሩበት በግምት ከ150 ያልፋል። ስለዚህ ባለ 150 የፈረስ ጉልበት ሞተር ሙሉ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ አይችለውም።

ፍጥነቱ ወደ 60 ሲወርድ ግን ለከፍታው የሚያስፈልገው ወደ 75 ይቀንሳል፤ ጠቅላላው ድምር ደግሞ 100 ገደማ ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ በዳገት ላይ 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መተው 50 ገደማ የፈረስ ጉልበት እንደ ማግኘት ነው። ይህን የሚያህል ጉልበት የሚሰጥ ጋራዥ በቀላሉ አይገኝም።

በካታሎግ ላይ ከፈረስ ጉልበት ጎን የሚጻፈው «ቶርክ»፣ ማለትም የመጠምዘዝ ኃይል፣ ለጎታች መኪና ትልቅ ትርጉም አለው። ሞተሩ ሳይጮህ፣ በዝቅተኛ ዙር ከባድ ነገር ከቆመበት ማንቀሳቀስ መቻሉን የሚያሳየው እርሱ ነው። የቶዮታ ሃይሉክስ ባለ 2.4 ሊትር ሞተር 150 የፈረስ ጉልበትና 400 ኒውተን ሜትር ቶርክ ሲኖረው፣ ባለ 2.8 ሊትሩ በአውቶማቲክ ካምቢዮ 204 የፈረስ ጉልበትና 500 ኒውተን ሜትር አለው። ከባድ ካራቫን ለመግዛት የወሰነ ሰው አስቀድሞ ትልቁን ሞተር ቢመርጥ ትንሹን በኋላ ከማስጨነቅ ይሻለዋል፤ መኪናው ከተገዛ በኋላ የሚሰጥ ምክር ግን ብዙም አይጠቅምም።

ከፍታ፦ ኢትዮጵያዊ ሾፌር የሚያውቀው

ከፍታ ሞተርን እንደሚያደክም አዲስ አበባ ላይ መኪና የነዳ ሁሉ ያውቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለተቆረቆረች፣ የአየሩ ግፊት በስኪዳም ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ናፍጣውን የሚያቃጥልበት አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ ሩብ የሚሆነውን ያጣል። ለዓመታት በኢትዮጵያ መንገዶች የተመላለሱት ቱርቦ አልባ ሃይሉክሶች በባሕር ወለል ላይ እንኳ 100 የፈረስ ጉልበት የማይሞሉ ነበሩ። ጭነው ጣርማበርን ሲወጡ ምን ያህል ይቀራቸው እንደነበር መገመት ቀላል ነው።

ቱርቦ አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ይህን ጉድለት በአብዛኛው ያካክሳል። ለዚህ ግን ራሱ በፍጥነት መሽከርከር አለበት፤ የታመቀው አየርም ይሞቃል። ከኔዘርላንድስ ወደ ጣሊያን ሲኬድ የብሬነር መተላለፊያ 1,370 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በስዊዘርላንድ በኩል በጎታርድ ዋሻ ሳይሆን በአሮጌው መንገድ የሚያልፍ ደግሞ 2,106 ሜትር ላይ ይወጣል፤ ይህም ከአዲስ አበባ ብዙ አይርቅም። በሐምሌ ሙቀት፣ ሙሉ ጭነት ተይዞ፣ በሳሳ አየር ዳገት መውጣት ለሞተርና ለካምቢዮ ከባድ ፈተና ነው።

ኮምፒውተሩን «ማስተካከል»

በብዛት የሚቀርበው መፍትሔ የሞተሩን ኮምፒውተር እንደገና ማዘዝ ነው። ባለሙያው የሚረጨውን ናፍጣ መጠንና የቱርቦውን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ በዘመናዊ የቱርቦ ናፍጣ ሞተር ላይ ለውጡ ወዲያው ይሰማል። ይህን መካድ ተገቢ አይሆንም።

ማስታወቂያው የማይናገረው ስለ ሙቀቱ ነው። ባዶ መኪና ተጨማሪውን ጉልበት የሚጠቀመው ለመቅደም በሚያፈጥንበት ጥቂት ሰኮንድ ነው። ካራቫን የሚጎትት መኪና ግን ዳገቱ እስኪያልቅ አሥርና ሃያ ደቂቃ ያለማቋረጥ ይፈልገዋል። የሚበዛው ናፍጣ የጭስ ማውጫውን፣ ቱርቦውንና ፒስተኑን ያግላል። ፍሪሲዮንም ሆነ አውቶማቲክ ካምቢዮ የተሠሩት ለመጀመሪያው ቶርክ ነው። ስለዚህ ጉልበት ከመጨመሩ በፊት ማቀዝቀዣው መታየት አለበት፦ የራዲያተሩ ንጽሕና፣ ማራገቢያው፣ በቱርቦና በሞተር መካከል ያለው የአየር ማቀዝቀዣ፣ የካምቢዮው ዘይት። አውቶማቲክ ካምቢዮ ላለው ጎታች መኪና ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ማስገጠም ከኮምፒውተሩ ለውጥ ይልቅ ዕድሜ የሚያራዝም ወጪ ነው።

ዋስትናውም ይታሰብበት። አምራቹ ያልፈቀደው ለውጥ የተደረገበት ሞተር ሲሰበር የፋብሪካ ዋስትና ሊከለከል ይችላል። ለኢንሹራንስ ድርጅቱ ያልተነገረ ለውጥም በአደጋ ጊዜ ጣጣ ያመጣል።

አንዳንዶች ከዚህ አልፈው የጥላሸት ማጣሪያውን ያስወግዳሉ። ይህ በኔዘርላንድስ ሕገ ወጥ ነው። ከጥር 2023 ጀምሮ የናፍጣ መኪኖች «አፔካ» በተባለው፣ በኢትዮጵያ ለቦሎ ከሚደረገው ጋር በሚመሳሰለው የቴክኒክ ምርመራ፣ በጭሳቸው ውስጥ ያለው ጥቃቅን ብናኝ በመሣሪያ ይቆጠራል። ማጣሪያው የወጣ ወይም የተበሳ መኪና አያልፍም።

በመጀመሪያ የጠፋውን ማስመለስ

አሥር ዓመት ያገለገለ ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ጉልበት አሁንም ሁሉም አብሮት ላይኖር ይችላል። የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የደከመ መርጫ፣ ከቱርቦው የሚመጣው ቱቦ ላይ የተፈጠረ ስንጥቅ፤ እያንዳንዳቸው በከተማ ውስጥ ሳይታወቁ ይቆዩና ዳገት ላይ ያጋልጣሉ። ከስኪዳም ሮተርዳም እየተመላለሰ አጭር ርቀት ብቻ የሚሠራ መኪና ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። የጥላሸት ማጣሪያው ራሱን የሚያቃጥልበትን ሙቀት ስለማያገኝ ይደፈናል፤ ሞተሩም ራሱን ለመከላከል ጉልበቱን ይቀንሳል። ከጉዞው ሳምንታት በፊት በፈጣን መንገድ ላይ ሳያቋርጡ ረዘም ያለ ጊዜ መንዳት ይህን ያቃልላል፤ ካልሆነ ወደ መካኒክ ነው።

ጎማም አለ። ለመልክ ሲባል ከፋብሪካው ልክ 10 በመቶ የሚበልጥ ዲያሜትር ያለው ጎማ የተገጠመለት ፒክአፕ፣ በየማርሹ መሬት ላይ የሚያሳርፈው የመጎተት ኃይል በ9 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ወደ መጀመሪያው ልክ መመለስ ያለ ምንም የሞተር ሥራ ጉልበት ያስገኛል። ከጣሪያ ላይ የጭነት ሣጥንን ማውረድም እንዲሁ። ከጓዙ 200 ኪሎ መቀነስ በጠቀስነው ዳገት ላይ የሚያተርፈው አምስት ያህል የፈረስ ጉልበት ብቻ ቢሆንም፣ ለፍሬንና ለጎማ የሚሰጠው እፎይታ ከዚያ የላቀ ነው።

ሊብሬው ምን ይላል?

አንድ ፒክአፕ የሚጎትተውን ከፍተኛ ክብደት የሚወስነው የሞተሩ ጉልበት ብቻ አይደለም። ሻንሲው፣ ፍሬኑ፣ ጋንቾውና ማቀዝቀዣው ተደምረው አምራቹ ያስፈቀደው ቁጥር በመኪናው ሊብሬ ላይ ይሰፍራል። በኔዘርላንድስ ይህ መረጃ የሚገኘው አርዲደብልዩ በተባለው የተሽከርካሪ መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ የሰሌዳ ቁጥር በማስገባት ማየት ይቻላል። ኮምፒውተሩን ማሻሻል ይህን ቁጥር በአንድ ኪሎ እንኳ አያሳድገውም።

በካታሎግ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 3,500 ኪሎም ያዘናጋል። መኪናውና ተጎታቹ በአንድነት ሊመዝኑ የሚችሉት ራሱን የቻለ ጣሪያ አለው። ካራቫኑ ጋንቾው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት፣ ተሳፋሪውና ከኋላ የተጫነው ዕቃ ሁሉ ከመኪናው የመጫን አቅም ላይ ይቀነሳል።

ብዙዎችን የሚያስተው ግን መንጃ ፈቃዱ ነው። ተራው «ቤ» መንጃ ፈቃድ እስከ 750 ኪሎ የሆነ ተጎታች ያስጎትታል። ተጎታቹ ከዚያ ከከበደ የመኪናውና የተጎታቹ የተፈቀደ ሙሉ ክብደት ድምር ከ3,500 ኪሎ መብለጥ የለበትም። «ቤ ፕላስ» የሚባለው እስከ 4,250 ኪሎ ይፈቅዳል። ከዚያ በላይ እስከ 3,500 ኪሎ ለሚደርስ ተጎታች «ቤኤ» ያስፈልጋል። ልብ በሉ፤ የሚቆጠረው በዕለቱ የተመዘነው ሳይሆን በሰነዱ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ክብደት ነው። የፒክአፕ የተፈቀደ ሙሉ ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ3,000 ኪሎ ያልፋል። 3,100 እና 1,800 ሲደመሩ 4,900 ይሆናሉ። ያ ቤተሰብ ካራቫኑ ባዶ ቢሆን እንኳ «ቤኤ» ከሌለው ከስኪዳም መነሳቱ ራሱ ጥፋት ነው።

ይህ ከኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ይዘው ለመጡ ሰዎች ይበልጥ ይመለከታል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካሉ አብዛኞቹ አገሮች የተሰጠ መንጃ ፈቃድ በኔዘርላንድስ የሚያገለግለው ነዋሪ ሆነው ከተመዘገቡ በኋላ ለ185 ቀናት ነው። ከዚያ ፈተናው በሲቢአር በኩል ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ በአገር ቤት ለዓመታት የጭነት መኪና የነዳ ሰውም ቢሆን።

መውጣቱስ ይቻላል፤ መውረዱ?

ዳገት ላይ የሚደክም መኪና ሰው ያሰለቻል እንጂ ብዙም አይገድልም። አደጋው ቁልቁለት ላይ ነው። ሞተሩ የተጠናከረ መኪና ፍሬኑ ያው የድሮው ነው። የካራቫኑ ፍሬን የሚሠራው ተጎታቹ መኪናውን ወደፊት ሲገፋ በሚፈጠረው ግፊት በመሆኑ፣ በረጅም ቁልቁለት ላይ ሳያቋርጡ ፍሬን መርገጥ ሁለቱንም ያግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በከባድ መኪና የወረደ ሾፌር መድኃኒቱን ያውቀዋል፦ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ መቀነስ፣ መኪናውን በሞተር መያዝ፣ ፍሬንን ጠበቅ አድርጎ ረግጦ መልቀቅ። በዚህ ጉዳይ የአልፕስ መንገድ ከዓባይ የተለየ ጥበብ አይፈልግም።

ሌላው ስጋት የካራቫኑ መወዛወዝ ነው። ከባድ ዕቃ ከካራቫኑ ኋላ ከተጫነ ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት ይቀንሳል፤ በንፋስ ወይም ትልቅ መኪና ሲያልፍ የሚጀምረው ጅራፍ መሰል ውዝዋዜም በፍጥነት ይብሳል። ከባዱ ዕቃ በአክስሉ አካባቢ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ጋንቾው ላይ ከካራቫኑ ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆነው እንዲያርፍ በአውሮፓ ይመከራል፤ የጋንቾው ጣሪያ ግን መታለፍ የለበትም። ውዝዋዜው ከጀመረ ነዳጅ መልቀቅና መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ጉልበት የተጨመረለት መኪና ያለው ሾፌር «ጎትቼ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ነዳጅ የመርገጥ ፈተና ይገጥመዋል፤ ይህም ነገሩን ያባብሳል። በኔዘርላንድስ ፈጣን መንገዶች ላይ ካራቫን የሚጎትት መኪና ከ90 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዲያልፍ የማይፈቀደውም ያለ ምክንያት አይደለም።

የስኪዳሙ ቤተሰብ ለቀጣዩ ክረምት ሲዘጋጅ የመጀመሪያው ተግባር ሚዛን ፈልጎ መኪናውንና ካራቫኑን እንደሚጓዙበት አድርጎ ጭኖ መመዘን ቢሆን መልካም ነው። ሁለተኛው ፊልትሮዎቹን፣ ቱቦዎቹን፣ የካምቢዮ ዘይቱንና የካራቫኑን ጎማ ማስመርመር ነው። ካራቫን ለወራት ስለሚቆም ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ብቻ ይሰነጣጠቃል። ከዚያም በማለዳ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ በቤኔሉክስ ዋሻ አንድ ጊዜ ደርሶ መመለስ። ከዋሻው ሲወጡ ሞተሩ እንዴት እንደሚሰማ፣ ሲገቡ ደግሞ ፍሬኑ እንዴት እንደሚይዝ በዚያች አጭር ዳገትና ቁልቁለት መስማት ይቻላል።