ከድምፅ የሚቀድም አረር፣ ከድምፅ የሚዘገይ አረር

ማለዳ በልደታ የአየሩ ሙቀት 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፣ ድምፅ በሴኮንድ 337 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ 346 ሜትር ከፍ ይላል። እንግዲህ በሴኮንድ 342 ሜትር የሚበር አረር ጠዋት ከድምፅ ይቀድማል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ከድምፅ ኋላ ይቀራል። ብዙዎች የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የቦታ ከፍታ ይመስላቸዋል፤ ወሳኙ ግን ሙቀት ነው። ከፍታ የሚቀንሰው የአየሩን እፍግታ ነው። በአዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ አረርን የሚገታው ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ለመሆኑ ከድምፅ መቅደምና አለመቅደም ለአዳኝ ምን ይፈይዳል?

የመጀመሪያው ልዩነት ጩኸት ነው። አረር ከድምፅ ሲፈጥን ከፊቱ ያለው አየር ገለል ለማለት ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ ይታመቅና ከአረሩ ጫፍ ወደ ኋላ እንደ ሾጣጣ ይዘረጋል። ኤርነስት ማክ የዚህን ሞገድ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1887 ለሳይንሱ ዓለም አቅርቧል። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» ይባላል፤ በቡሄ ሰሞን የምንሰማው የጅራፍ ጩኸትም ምክንያቱ ይኸው ነው። በአፈሙዝ ላይ የሚገጠም የድምፅ ማፈኛ የባሩዱን ፍንዳታ ያለዝባል እንጂ አረሩ በመንገዱ ላይ የሚፈጥረውን ጩኸት አያስቀርም። ጸጥታ የሚፈልግ አዳኝ ዘገምተኛ ጥይት የሚመርጠው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ጉልበት ነው። የእንቅስቃሴ ጉልበት ከክብደት ጋር በቀጥታ፣ ከፍጥነት ጋር ግን በካሬ ያድጋል። 300 ብላክአውት የሚባለው ጥይት በሁለቱም ዓይነት ይሠራል። 8 ግራም የሚመዝነው ፈጣን አረር በሴኮንድ 670 ሜትር ሲወጣ 1,800 ጁል ያህል ጉልበት ይይዛል። ዘገምተኛው 14 ግራም ቢመዝንም በ310 ሜትር ፍጥነት የሚይዘው ከ670 ጁል ብዙም አይበልጥም። ክብደት ፍጥነትን ሊክስ የሚችለው እጅግ ሲበዛ ነው። ለዚህ ምሳሌው በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የዋለውና አያቶቻችን አውሬ ያደኑበት ውጅግራ ነው። 25 ግራም የሚመዝነው የእርሳስ አረሩ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ፍጥነቱ ከድምፅ በታች ወርዶ 310 ሜትር ሲደርስ እንኳ 1,200 ጁል ይቀረዋል።

ሦስተኛው ልዩነት የአረሩ መውደቅ ነው። የመሬት ስበት ፈጣኑንም ዘገምተኛውንም እኩል ይስባል፤ የሚለያዩት በአየር ላይ በሚቆዩበት ጊዜ ነው። ከላይ የጠቀስናቸው ሁለት አረሮች ለ100 ሜትር በተስተካከሉ ጠመንጃዎች ተተኮሱ እንበል። አዳኙ 100 ሜትር ብሎ የገመተው ርቀት በእርግጥ 150 ሜትር ቢሆን፣ ፈጣኑ ከታለመበት ነጥብ 11 ሳንቲሜትር ያህል፣ ዘገምተኛው ግን ከ40 ሳንቲሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ያርፋል። ልቡ ላይ የታለመበት እንስሳ እግሩን ይመታል፤ ቆስሎ ጫካ ይገባል፤ ሲማቅቅም ይሞታል።

በአገራችን ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም፤ ቁጥሩም አነስተኛ ነው። ሕጉ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። በፈቃድ ገብቶ አንድ ወንድ አጋዘን እንዲጥል የተፈቀደለት አዳኝ አንዱን አቁስሎ ሌላ ቢተኩስ፣ በመዝገብ አንድ ተብሎ የተጻፈው በተራራው ላይ ሁለት ይሆናል።

ስለዚህ ዘገምተኛ ጥይት ለአጭር ርቀትና ለትናንሽ እንስሳት እንጂ በሰፊው የባሌ ሜዳ ላይ ለቆመ አጋዘን አይሆንም። ጸጥታው የሚገኘው በጉልበትና በርቀት ዋጋ ነው፤ አዳኙ በስሌት ካልከፈለው እንስሳው በስቃይ ይከፍለዋል።