ከወደቀ መኪና የሚገኝ ዋጋ፦ በቤት የሚገጣጠም ፒክአፕ ስለ ጉልበትና ስለ ዕውቀት የሚናገረው

በአሜሪካ፣ በተለይም ተራራና በረሃ በሚበዛባቸው ምዕራባዊ ግዛቶች፣ ከአንዱ አሮጌ መኪና ሻንሲ፣ ከሌላው ሞተር፣ ከሦስተኛው ዲፈረንሻል ወስዶ አስፋልት በሌለበት ድንጋያማ መንገድ የሚሄድ ፒክአፕ በቤት ጋራዥ መሥራት የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ ላይ ላዩን ሲታይ የትርፍ ጊዜ ሥራ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ የአንድ ዕቃ ዋጋ ከምን እንደሚመነጭ፣ የሰው ጉልበት በአንዱ አገር ውድ በሌላው ርካሽ መሆኑ ምን እንደሚያስከትል፣ ስለ ዕቃው ያለው መረጃም ከብረቱ በላይ የሚከበርበት ጊዜ ለምን እንደሚኖር ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በዚህ ሥራ የሚገኘው ቁጠባ ከወደቀው ብረት ርካሽነት የሚመጣ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ሒሳቡ በጥንቃቄ ሲሠራ ግን ቁጠባው የሚመነጨው ሠሪው ከሚያፈሰው ጉልበትና ካካበተው ዕውቀት እንደሆነ ይታያል።

የነገሩ መነሻ የኢንሹራንስ ሒሳብ ነው። አንድ መኪና ሲጋጭ የኢንሹራንስ ድርጅቱ ሁለት ቁጥሮችን ያነጻጽራል፤ አንደኛው መኪናው ከአደጋው በፊት በገበያ ያወጣ የነበረው ዋጋ ሲሆን፣ ሁለተኛው የጥገናው ወጪ ነው። የጥገናው ወጪ በሕግ ወይም በድርጅቱ አሠራር ከተወሰነው ጣሪያ ካለፈ መኪናው «ሙሉ ጉዳት» የደረሰበት ተብሎ ይመደባል፤ ይህም ማለት ከመጠገን ይልቅ ለባለቤቱ ካሳ ከፍሎ መኪናውን መረከብ ያዋጣል ማለት ነው። ጣሪያው ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ በበርካታ ግዛቶች የመኪናው ዋጋ 75 በመቶ ሲሆን፣ በቴክሳስ 100 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ «ሙሉ ጉዳት» የሚለው ቃል ስለ ወጪ እንጂ ስለ መኪናው ሜካኒካዊ ጤንነት የሚናገር አለመሆኑ ነው። የአየር ከረጢቶቹ የፈነዱ፣ ኮፋኖውና ስፖርቴሎው የተጨራመተ፣ ቀለሙ የተበላሸ መኪና ሞተሩና ካምቢዮው አንዳች ሳይነካ ሊወድቅ ይችላል፤ ምክንያቱም የቆርቆሮና የቀለም ሥራው የሚጠይቀው የባለሙያ ሰዓት በአሜሪካ እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ የአሜሪካ የአሮጌ ዕቃ ገበያ የተትረፈረፈው ዕቃው ስለማይረባ ሳይሆን፣ ዕቃውን መልሶ የሚያስነሣው የሰው ጉልበት ውድ ስለሆነ ነው።

የወደቁት መኪኖች ወደ ጨረታ ያመራሉ። በ1982 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ ቫሌሆ ከተማ የተመሠረተውና ዛሬ ጨረታውን በኢንተርኔት የሚያካሂደው ኮፓርት በዚህ ዘርፍ ስማቸው ከሚነሣ ድርጅቶች አንዱ ነው። ከገዢዎቹ መካከል መኪና አፍርሰው በዕቃ በዕቃው የሚሸጡ ነጋዴዎች ይገኙበታል። የእነሱ ንግድ የቆመው በአንድ ቀላል እውነት ላይ ነው፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ አክስሉ፣ መብራቱና በሩ ለየብቻ ሲሸጡ የሚያስገኙት ድምር፣ የተጋጨው መኪና እንደ አንድ አካል ከሚያወጣው ዋጋ ይበልጣል። ገዢ ያጣው ቀሪ አካል በመጨረሻ በኪሎ ተመዝኖ ለብረት ማቅለጫ ስለሚሸጥ፣ የብረት ዋጋ የአሮጌው መኪና ዋጋ ሊወርድበት የሚችለውን የመጨረሻ ወለል ያበጃል።

በዚህ ገበያ ውስጥ ገዢው ራሱ መፍቻውን ይዞ ገብቶ የሚፈልገውን ዕቃ የሚፈታባቸው ሰፋፊ ግቢዎች አሉ። በእነዚህ ግቢዎች ዋጋው በአብዛኛው ለዕቃው ዓይነት የሚወጣ ነው፤ ዲናሞ ከየትኛውም መኪና ቢፈታ የዲናሞ ዋጋ ይከፈልበታል። ዕቃው እዚያ ርካሽ የሚሆነው የመፍታቱ ድካም፣ ትክክለኛውን የመምረጡ ኃላፊነትና ዕቃው ባይሠራ የሚደርሰው ኪሳራ ከሻጩ ወደ ገዢው ስለተሸጋገረ ነው። በአንጻሩ ታጥቦ፣ ተፈትኖና ዋስትና ተሰጥቶት በመደርደሪያ ላይ የሚቀርብ ተመሳሳይ ዕቃ ከፍ ያለ ዋጋ ይጠየቅበታል። የሁለቱ ዋጋዎች ልዩነት የጉልበትና የመተማመኛ ዋጋ ነው።

ሆኖም ከየትኛው መኪና የተፈታ ዕቃ ለየትኛው እንደሚገጥም የማያውቅ ሰው ከዚህ ገበያ ብዙ አይጠቀምም። ይህን ችግር ያቃለለው «ሆላንደር» በሚባል ስም የሚታወቀው የመለዋወጫ ማመሳከሪያ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉ የአንዱ ዓመትና ሞዴል ዕቃ ለየትኞቹ ሌሎች ዓመታትና ሞዴሎች እንደሚሆን በቁጥር ይዘረዝራል። በኢኮኖሚ ጥናት ዕቃን ለመፈለግ፣ ለማጣራትና ለመስማማት የሚወጣው ወጪ «የግብይት ወጪ» ይባላል። የመጽሐፉ ጥቅምም ይህን ወጪ መቀነሱ ነው፤ ፈላጊ አጥቶ ሊቀልጥ የነበረ ብረት በአንድ የመለያ ቁጥር ምክንያት ፈላጊውን ያገኛል።

የዚህን አሠራር ፍሬ ለማየት የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጄኔራል ሞተርስ የገዛው ኤም 1008 የተባለ የሸቭሮሌ ፒክአፕ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሠራዊቱ ወጪ ለመቆጠብ ሲል በሲቪል ገበያ በሚሸጥ መኪና ላይ የተመሠረተ ተሽከርካሪ መረጠ፤ ባለ 6.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ ከፊት ዳና 60 የተባለ ከባድ አክስል፣ ከኋላ ደግሞ በአሜሪካ ሜካኒኮች ዘንድ «ባለ 14 ብሎን» በመባል የሚታወቅ አክስል ተገጥሞለታል። የዲፈረንሻሉ ምጣኔ 4.56 ነው፤ ይህም ጎማው አንድ ጊዜ ለመዞር ኃይል የሚያመጣው ዘንግ 4.56 ጊዜ መዞር አለበት ማለት ሲሆን፣ ፍጥነትን ቀንሶ ጉልበትን ይጨምራል። ሠራዊቱ መኪኖቹን አገልግሎታቸው ሲያበቃ ለሕዝብ ሲሸጥ፣ ድንጋይ ላይ የሚወጣ መኪና የሚሠሩ ሰዎች በተለይ አክስሎቹን ፈለጓቸው፤ ትልቅ ጎማ በአክስሉ ላይ የሚያሳርፈውን ጫና የቀላል ፒክአፕ አክስል አይችለውምና። ለሞተር ደግሞ ብዙዎች ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሸቭሮሌ ሲልቬራዶ ፒክአፖች ላይ በብዛት የተገጠመውን ባለ 5.3 ሊትር ሞተር ይመርጣሉ፤ ሞተሩ በስፋት በመመረቱ ከወደቁ መኪኖች በቀላሉ ይገኛል፣ የሚገጣጠምበት ዘዴም በሰፊው ታውቋል። ፋብሪካ አንድን ዕቃ በብዛትና በአንድ መለኪያ ሲያመርት ጥቅሙ ከመጀመሪያው ገዢ አልፎ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለሚመጣው ሠሪ ይደርሳል።

የገበያው ሌላ ገጽታ የሚታየው አቅርቦቱ ሊጨምር በማይችል ዕቃ ላይ ነው። ቶዮታ በአሜሪካ ገበያ ከ1979 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ባቀረባቸው በአራቱም ጎማ የሚጎትቱ ፒክአፖች ላይ ሁለቱን የፊት ጎማዎች በአንድ ወጥ ብረት የሚያያይዝ ድፍን አክስል ገጥሞ ነበር፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ሞዴል ግን እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው ከፍና ዝቅ ወደሚልበት አሠራር ተሸጋገረ። አዲሱ አሠራር በጥርጊያ መንገድ ምቾት ሲጨምር፣ በድንጋይ ላይ ለሚነዱ ሰዎች የሚመረጠው የቀድሞው ሆነ። ከዚያ በኋላ የድፍን አክስሎቹ ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ ሲሄድ ፈላጊያቸው ግን አልቀነሰም። በዚህ ምክንያት አሮጌ ዕቃ በዕድሜ ብዛት ዋጋው ይወርዳል የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ምርቱ የተቋረጠና ተተኪ የሌለው ዕቃ ሲያረጅም ሊወደድ ይችላል።

ወደ ሠሪው ሒሳብ ሲመጣ፣ ብዙዎች የሚሳሳቱት የትልልቆቹን ዕቃዎች ዋጋ ብቻ በመደመራቸው ነው። ሞተሩና አክስሉ በርካሽ ቢገኙም የፍሬን ቱቦው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ ዘይቱ፣ ኩሽኔታው፣ ብሎኑና የብየዳ መሣሪያው ተደምረው ከፍተኛ ገንዘብ ይወስዳሉ። ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ጊዜ ነው። በኢኮኖሚ ጥናት «የታጣ ዕድል ወጪ» የሚባለው፣ አንድ ሰው አንዱን ሥራ በመምረጡ ከተወው ከሌላው ሥራ ሊያገኝ የነበረው ጥቅም ነው። ለአብነት ያህል፣ በሰዓት 25 ዶላር የትርፍ ሰዓት ሥራ ማግኘት የሚችል ሰው ለመኪናው 600 ሰዓት ቢያውል፣ ከኪሱ ባይወጣም 15,000 ዶላር አውጥቷል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ሌላ ገቢ የማያገኝ ሰው ወይም ሙያውን ለመማር የፈለገ ሰው ግን ሒሳቡ ይለወጥለታል፤ የብየዳ፣ የሞተርና የኤሌክትሪክ ዕውቀት መኪናው ከተሸጠም በኋላ ከሠሪው ጋር የሚቀር «ሰብዓዊ ካፒታል» ነውና። ሌላው ወጥመድ «ተመላሽ የማይሆን ወጪ» ነው። ሻንሲው በዝገት መበላቱን በሥራው መካከል ያወቀ ሠሪ «ይህን ያህል ካወጣሁ በኋላማ አልተውም» ብሎ ሲቀጥል በኪሳራው ላይ ኪሳራ ይጨምራል፤ ትክክለኛው ጥያቄ ከዚህ በኋላ የሚወጣው ገንዘብ ከዚህ በኋላ የሚገኘውን ጥቅም ያክላል ወይ የሚለው ነው።

በቤት የተሠራ መኪና ለሽያጭ ሲቀርብም የወጣበትን ገንዘብና ድካም የሚመልሰው ከስንት አንዴ ነው። ለዚህ ማብራሪያ የሚሆነው ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ያሳተመውና በ2001 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት የአሮጌ መኪና ገበያ ትንተና ነው። ሻጩ የዕቃውን ጉድለት ሲያውቅ ገዢው ግን ማወቅ ካልቻለ፣ ገዢው መጥፎውን ገምቶ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀርባል፤ በዚህም ጥሩ ዕቃ ያለው ሻጭ ከገበያው ይሸሻል። በቀለም የተሸፈነ ብየዳ ጥልቀቱ በዓይን ስለማይለይ በቤት የተሠራ መኪና የዚህ ችግር ዋና ተጠቂ ነው። እያንዳንዱን ደረጃ በፎቶግራፍና በደረሰኝ የመዘገበ ሠሪ የተሻለ ዋጋ የሚያገኘው የመረጃ ክፍተቱን ስላጠበበ ነው።

ጉዳዩ የሠሪው ብቻ ሆኖ አይቀርም። መሪው በአግባቡ ያልተበየደ መኪና አደጋውን ወደ ሌላ መንገደኛ ያስተላልፋል፤ ኢኮኖሚስቶች ይህን በግብይቱ ያልተሳተፈ ሦስተኛ ወገን የሚከፍለው «ውጫዊ ወጪ» ይሉታል። የአየር ከረጢት፣ የደኅንነት ቀበቶ፣ የፍሬን ሸራና ጎማ ከወደቀ መኪና መውሰድ ቁጠባ የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ ጋር የስርቆት አደጋ አለ፤ ዕቃ በዕቃው የሚሸጥበት ገበያ መነሻው ካልታወቀ የተሰረቀ መኪና መደበቂያ ይሆናል። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለስርቆት በሚጋለጡ ሞዴሎች ዋና ዋና አካላት ላይ መለያ ቁጥር እንዲደረግ ያዘዘው፣ የ1992 እ.ኤ.አ. ሕግም የመኪና ባለቤትነት መረጃ በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲያያዝ መሠረት የጣለው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ አንባቢ ባዕድ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ ሚዛኑ መገልበጡ ነው። በአሜሪካ ዕቃው ርካሽ፣ ጉልበቱ ውድ ነው፤ በኢትዮጵያ ጉልበቱ ርካሽ ሲሆን ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ በመሆኑ ውድ ነው። በዚህ የተነሣ በአሜሪካ «ሙሉ ጉዳት» ተብሎ የሚጣል መኪና በአዲስ አበባ ጋራዥ ተቀጥቅጦና ተበይዶ ወደ መንገድ ሊመለስ ይችላል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የገቡት ላዳ ታክሲዎች ለአሥርት ዓመታት የሠሩት፣ የመርካቶው ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ መገኛ፣ ምናለሽ ተራም የወዳደቀ ብረት ወደ አዲስ ዕቃ የሚለወጥበት ሥፍራ ሆነው የታወቁት በዚሁ ሒሳብ ነው።

የቅርብ ዓመታት ውሳኔዎች ደግሞ የዚህን ገበያ ክብደት ጨምረዋል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በገፋ መጠን ከፍ የሚል ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታውቋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ወደ 57 ብር ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ሦስቱ ተደምረው ሲታዩ በአገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ልክ እንደ ቶዮታው ድፍን አክስል ቁጥራቸው በቀላሉ የማይጨምር ሀብት ወደ መሆን ተቃርበዋል። ቁጥሩ የማይጨምር ሀብት ዕድሜው ሊራዘም የሚችለው በጥገናና ከወደቁት በሚፈታ ዕቃ ነው።

ይህ ከሆነ ዘንድ የአሮጌ ዕቃን ገበያ የድህነት ምልክት አድርጎ መመልከት ስሕተት ነው። ገበያው የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ የትኛው ዕቃ ለየትኛው መኪና እንደሚሆን በአማርኛ የሚያስረዳ ማመሳከሪያ፣ የእያንዳንዱን ዋና ዕቃ መነሻ የሚያሳይ ደረሰኝና መዝገብ፣ እንዲሁም ብየዳንና ፍሬንን የመሳሰሉ የደኅንነት ሥራዎችን ለሚሠሩ ባለሙያዎች በቴክኒክና ሙያ ተቋማት በኩል የሚሰጥ የብቃት ማረጋገጫ። ሦስቱም ከብረት ይልቅ መረጃና ዕውቀት ናቸው፤ ስለዚህም ከሌላው መዋዕለ ንዋይ ሁሉ ያነሰ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃሉ። የወደቀ መኪና በራሱ ዋጋው የብረቱ ክብደት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያወጣው የሚያውቅ እጅ ሲነካው ነው። እንግዲህ አገር ቀድማ ልትንከባከበው የሚገባው ያንን እጅ ነው።