ባትሪ ከመቀየር በፊት ሊደረግ የሚገባው ምርመራ

ከባሕር ዳር በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ በምሽት የሚጓዝ አሮጌ ተሽከርካሪ የፊት መብራቱ እየደበዘዘ ከሄደ አደጋው ለአሽከርካሪው ብቻ ሳይሆን በመንገድ ዳር ለሚጓዙ እግረኞችም ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ባለንብረቶች አዲስ ባትሪ ይገዛሉ። ይሁን እንጂ ጉድለቱ ባትሪውን በሚሞላው ዲናሞ (አልተርኔተር)፣ በቺንጋው ወይም በሽቦው ላይ ከሆነ አዲሱም ባትሪ ብዙ ሳይቆይ ይደክማል።

በቅድሚያ የባትሪው ራሶች ይፈተሹ። በጣና ዳርቻ በክረምት የሚበረታው እርጥበት በራሶቹና ከተሽከርካሪው አካል ጋር በሚታሰረው ገመድ ላይ ዝገትን ያፋጥናል። ለማጽዳት የኔጌቲቩ ገመድ በመጀመሪያ ይፈታል፤ ሲመለስም በመጨረሻ ይታሰራል።

ቀጥሎ በቴስተር ይለካል። ሞተሩ ጠፍቶ ለጥቂት ሰዓታት ሲቆይ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ቮልት ግማሽ ያህል መሙላቱን ያመለክታል። ሞተሩ ሲነሳ ልኬቱ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ሊደርስ ይገባል። ከፍ ካላለ የቺንጋው መላላት፣ ዲናሞውና ሽቦው ይመርመሩ፤ ከ15 ቮልት ካለፈ የዲናሞው ቮልት መቆጣጠሪያ ይታይ። ልኬቱ ትክክል ሆኖ ባትሪው ሲያድር የሚሞት ከሆነ፣ ባትሪው አርጅቷል ወይም ተሽከርካሪው ቆሞም ኃይል የሚስብ መብራት ወይም ተጨማሪ መሣሪያ አለ ማለት ነው።

ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ ዲናሞን መሞከር ግን ፈጽሞ አይገባም። በቅጽበት የሚያሻቅበው ቮልቴጅ የተሽከርካሪውን ኤሌክትሮኒክ ክፍሎች ሊያቃጥል፣ ብልጭታውም ከባትሪው የሚወጣውን ጋዝ ሊያፈነዳ ይችላል።