የመኪና ማቆሚያው መኖሪያ ሲሆን

ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው ዲንሾ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ ይዞ ያድራል። ስለዚህ በግቢው የሚገኘውን የመኪና ማቆሚያ ወደ መኖሪያ ክፍል የሚለውጥ ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ሙቀት ነው። ቀዳዳው ይደፈናል፤ ኮርኒሱ ይመታል፤ ወለሉ ይስተካከላል። መብራቱ ግን ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት በቀጭን ሽቦ ተጎትቶ ይገባል። አደጋውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መኪና ሲያድርበት ለክፍሉ አንዲት አምፖል ትበቃው ነበር። ሰው ሲገባበት ምጣዱና ማሞቂያው አብረው ይገባሉ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ይወስዳል። ይህም በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው። 2000 ዋት የሆነ ማሞቂያ ሲጨመርበት ድምሩ 25 አምፔር ይደርሳል። ለአምፖል የተዘረጋ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይህን ሸክም አይችልም። ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ ማንም በማያይበት በኮርኒሱ ውስጥ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠል አንዳንዶች በምትኩ ወፍራም ሽቦ ይጠመዝዛሉ። ይህ ዘበኛን አስሮ በር ከፍቶ እንደ ማደር ነው።

እናቶች በተለይ ሊያውቁት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ተራው ፊውዝም ሆነ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ልጁን አይደለም። ባለ 16 አምፔር ፊውዝ ከዚያ በታች ለሚያልፍ ኮረንቲ አይቋረጥም፤ ሰውን ለመግደል ግን የአንድ አምፔር አሥረኛ እጅ እንኳ ይበቃል። በሩ ብረት ወይም ግድግዳው ቆርቆሮ በሆነ ክፍል ውስጥ አንድ የተላጠ ሽቦ ብረቱን ከነካ፣ በባዶ እግሩ እርጥብ ወለል ላይ የቆመ ሕፃን ግድግዳውን መደገፉ ለሞት ሊያበቃው ይችላል።

ለዚህ መከላከያው ሁለት ነው። አንደኛው በትክክል የተቀበረ የመሬት ሽቦ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኮረንቲ ከመስመሩ ወጥቶ ሲፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቋረጥ መከላከያ ብሬከር ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ምጣዱም ከዋናው ማከፋፈያ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል።

በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ሥራ የጀመረው፣ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የመልካ ዋከና ኃይል ማመንጫ ለባሌ ደጋ ጎረቤት ነው። ኃይሉን እስከ ቆጣሪው ማድረስ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ዝርጋታ ግን የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ስለሆነም ሥራው ለሠለጠነ ባለሙያ ይሰጥ፤ የሚሠራውም ኮርኒሱ ከመመታቱ በፊት ይሁን። አለዚያ የተመታውን ማፍረስ ሌላ ወጪ ነው።

በዲንሾም ሆነ በሮቤና በጎባ እንዲህ ያለውን ክፍል የምትከራይ እናት ዕቃዋን ከማስገባቷ በፊት ሦስት ነገር ትጠይቅ፦ የመሬት ሽቦ አለው ወይ? የምጣዱ መስመር ለብቻው ነው ወይ? ማጥፊያው የት ነው? ሰው ኮረንቲ ሲይዘው አስቀድሞ የሚዘጋው ዋናው ማጥፊያ ነውና፣ ቦታውን ቤተሰቡ ሁሉ ይወቀው። የተያዘውን ሰው በእጅ መንካት ሁለተኛ ሰው መጨመር ነው።