ቤቱንም ኢዱንም ብቻዋን ለምታሰናዳ እናት



ባለቤቴ ወደ አኺራ ከሄደ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ኢድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የሰባት ዓመቷ ልጄ በክረምቱ የተሰነጠቀውን ግድግዳ በጣቷ እየተከተለች «እማ፣ ዘንድሮ እኛም ኢድ አለን?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት ወጣሁና መጋረጃ፣ የሶፋ ልብስና ምንጣፍ በዱቤ ይዤ ገባሁ። ኢዱ በአንድ ቀን አለፈ፤ ዕዳው ግን አምስት ወር አብሮኝ ከረመ። መጋረጃው የሸፈነው ስንጥቅም በቀጣዩ ክረምት ውኃ አስገባ።

ያኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ የኢስላም ትምህርትም ተመርቄበታለሁ። የማውቀውን ግን በራሴ ቤት ላይ አላዋልኩትም ነበር። ባላቸው የሞተባቸው፣ የተፈቱ ወይም ባላቸው ርቆ የቀረባቸው እህቶች በየዓመቱ እዚሁ ላይ ሲቸገሩ ስለማይ፣ ሸሪዓው የሚጠይቀውንና ባህሉ የጨመረብንን ለይቼ፣ ቤቱንና በዓሉን በትንሽ ገንዘብ እንዴት ማሰናዳት እንደሚቻል ላስረዳ።

መጀመሪያ፦ ግዴታው የቱ ነው?

ለኢደል ፊጥር አቅም ባለው ሰው ላይ ግዴታ የሆነው ወጪ ዘካተል ፊጥር ብቻ ነው። ገላን መታጠብ፣ ካለን ልብስ ደህናውን መልበስ፣ ከቤት ከመውጣት በፊት ነጠላ ቁጥር ያለው ቴምር መብላት፣ ተክቢራ ማለት፣ ወደ ሶላቱ በአንድ መንገድ ሄዶ በሌላ መመለስ ሱንና ናቸው። ከነዚህ ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቀው ቴምሩ ነው፤ እሱም ሦስት ፍሬ ይበቃል። «አዲስ ልብስ» የሚል ግዴታ የለም።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ጦላቅ (65:7) እያንዳንዱ ከሰጠው ልክ እንዲያወጣ አዟል፤ በሱረቱል ኢስራእ (17:26–27) ደግሞ ማባከንን አጥብቆ ከልክሏል። ስለዚህ በአቅሟ ልክ ያከበረች እናት ከበዓሉ ምንም አላጎደለችም። ለይሉኝታ ብላ የተበደረች ግን ከልጆቿ የነገ ምግብ ላይ ቀንሳለች።

ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው (አል-በቀራህ 2:234)፤ እርጉዝ ከሆነች እስክትወልድ ነው። በዚህ ጊዜ ኢድ ቢመጣ ከመዋቢያ ልብስ፣ ከኩልና ከሽቶ ትቆጠባለች። ቤቷን ከማጽዳት፣ ግድግዳዋን ከመጠገን፣ ልጆቿን ከማልበስና ከማስደሰት የሚከለክላት ነገር የለም። ዒዳው ካለቀ በኋላም ቤቷን ኖራ የቀባችን እናት «ሐዘኗን ረሳች» ብሎ ማማት ሐሜት እንጂ ዲን አይደለም።

ቤቱን ከወቅቱ ጋር ማስኬድ

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት። በእኛ አገር ስንጥቅ መድፈንና ጣሪያ መጠገን ቅንጦት አይደለም፤ የልጆች ጤና ነው።

የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 10 ወይም 11 ቀን ስለሚያንስ ኢድ በየዓመቱ ወደ ፊት ይቀድማል። በ2017 ኢደል ፊጥር መጋቢት 21፣ አረፋ ደግሞ ግንቦት 29 ውለዋል። ፊጥር በ2022 ጥር መጨረሻ አካባቢ ይደርሳል ማለት ነው። ይህ ለእኛ ምቹ ነው። ፊጥር የሚውለው በበጋው፣ ስንዴና ገብሱ ተወቅቶ ጭድ እንደልብ ካለበት ጊዜ ብዙ ሳይርቅ ነው። አረፋ ደግሞ ለጊዜው ከክረምቱ በፊት ይመጣል። እኔ «ለፊጥር ግድግዳ፣ ለአረፋ ጣሪያ» ብዬ ከፍዬዋለሁ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ማደስ የሚለውን ሐሳብ ትቼዋለሁ።

ግድግዳ፦ ለጭቃ ቤት የሚያስፈልገው አፈር፣ ጭድና ውኃ ነው። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ሲቆይ ይያያዛል። ወዲያው የተለጠፈ ጭቃ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን መጀመሪያ ፈልቅቆ ውኃ ማርከፍከፍ፣ ከዚያ መምረግ፣ በደንብ ሲደርቅ ልስኑን ማሳረፍ ያስፈልጋል። ሥራው ከኢድ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢጀመር ለመድረቅ ይበቃል። ከላይ ኖራ ሁለት ጊዜ ቢቀባ ክፍሉ ይበራል፤ ከዘይት ቀለምም እጅግ ይረክሳል። ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ሲበጠበጥ ልጆችን ማራቅ ያስፈልጋል።

ጣሪያ፦ ቀን ቀን በር ዘግቶ ወደ ላይ ማየት ነው። ብርሃን የገባበት ቀዳዳ ሁሉ በክረምት ውኃ ያስገባል። ትንሹን በሬንጅ መድፈን፣ የላላውን ምስማር መቀየር ይበቃል። የአሸንዳው ውኃ ከግድግዳው ሥር እንዳይተኛ ቦይ መቅደድ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ግን ቤቱን የሚያቆየው ዋናው ሥራ ነው። ለኮርኒስ ንጹሕ የማዳበሪያ ከረጢት ታጥቦና ተሰፍቶ ቢወጠር ብርዱንም አቧራውንም ይቀንሳል።

ወለል፦ ብዙዎቻችን የአፈር ወለልን በእበት እንለቀልቃለን። በአርሲ በሚበዛው በሻፊዒይ መዝሀብም ሆነ በሐነፊይ እበት ነጃሳ ነው፤ በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀብ የሚበላ እንስሳ እበት ንጹሕ ነው። ከዚህ ውዝግብ ለመውጣት ወለሉ ከደረቀ በኋላ ንጹሕ ሰሌን ወይም ሰጋጃ አንጥፎ መስገድ ይበቃል። ወለሉ እርጥብ ሳለ ግን ንጥፉን ስለሚያበላሸው መጠበቅ ያሻል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስንጥቁ ሲደፈን ቤቱ አየር ማስገባቱ ይቀንሳል። በብርዱ ምክንያት የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ሽታ በሌለው መርዘኛ ጭስ ሰው ይገድላል። በኢድ ዋዜማ ቡናው ካለቀ ምድጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ።

የኪራይ ቤት ከሆነ ደግሞ ከማደስ በፊት ከአከራዩ ጋር ወጪው ከኪራዩ እንዲታሰብ መስማማትና በወረቀት ማስፈር ይበጃል። አለዚያ ያሳመርነው ቤት ኪራይ መጨመሪያ ሊሆንብን ይችላል።

የየቲም ገንዘብ የቤት ማሳመሪያ አይደለም

ብዙ ቤት ውስጥ ዝም የሚባልበት ጉዳይ ይህ ነው። አባት ሲሞት የቀብር ወጪ፣ ዕዳና ኑዛዜ ከወጣ በኋላ የቀረው ንብረት የወራሾች ነው። ልጆች ካሉ የሚስት ድርሻ 1/8ኛ ነው (አን-ኒሳእ 4:12)፤ የሟቹ እናትና አባት በሕይወት ካሉ ለእያንዳንዳቸው 1/6ኛ ይደርሳቸዋል፤ የቀረው በአብዛኛው የልጆቹ ነው። እናቲቱ የምትይዘው ገንዘብ አብዛኛው የራሷ ሳይሆን አማና ነው ማለት ነው። የየቲምን ገንዘብ በግፍ ለሚበሉ የመጣው ማስፈራሪያ (4:10) ከባድ ነው።

ይህ ማለት ግን ከልጆቹ ገንዘብ ለልጆቹ አይወጣም ማለት አይደለም። ምግባቸው፣ ልብሳቸው፣ ትምህርታቸው፣ በሚኖሩበትና ድርሻ ባላቸው ቤት ላይ የሚያፈስ ጣሪያ መጠገን ጥቅማቸው ነው። ለእንግዳ ማስደነቂያ ሶፋ መግዛት ወይም ከገንዘባቸው ለሰው ስጦታ መስጠት ጥቅማቸው አይደለም። በሻፊዒይ መዝሀብ ከየቲም ገንዘብ ኡድሒያም አይታረድም። ለገንዘቡ ኃላፊ ማን እንደሆነ (አያት፣ በኑዛዜ የተሾመ ሰው ወይስ እናት) በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማረጋገጥ ይሻላል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ይከፍታል። ለልጆቹ የወጣውን በተለየ ደብተር መጻፍም ከአማትና ከአጎት ጋር የሚመጣውን ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ለተፈታች እናት ጉዳዩ ሌላ ነው። የልጆቹ ቀለብና ልብስ በአባታቸው ላይ ነው (2:233)፤ የኢድ ልብሳቸውና ዘካተል ፊጥራቸውም ከዚያው ይቆጠራል። ሒንድ ቢንት ዑትባ ባሏ በቂ እንደማይሰጣት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስታመለክት፣ በልማድ የሚበቃትንና ልጇን የሚበቃውን ከገንዘቡ እንድትወስድ መፍቀዳቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። መብትን በጨዋነት መጠየቅ፣ ካልሆነም በሽማግሌ በኩል ማስጠየቅ ነውር አይደለም። ልጁን ግን የአባቱ ክስ ተሸካሚ አናድርገው።

ዘካው፣ ድግሱና ቅርጫው

ዘካተል ፊጥር በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ፣ ማለትም አራት እፍኝ የአገሩ ዋና ምግብ ነው፤ በስንዴ 2.5 ኪሎ ግድም ሲሆን እስከ 3 ኪሎ የሚያደርሱትም አሉ። ለእናትና ለሦስት ልጆች ከ10 እስከ 12 ኪሎ ይሆናል። ስንዴ በአገራችን በኅዳርና በታኅሣሥ ሲታጨድ ስለሚረክስ ያኔ ገዝቶ ማስቀመጥ ነው። የኢድ ዕለት ከቤተሰቧ ምግብና ከመሠረታዊ ፍላጎቷ የሚተርፍ የሌላት እናት በሻፊዒይ መዝሀብ አትገደድም፤ እንዲያውም ተቀባይ ናት። መቀበሏም ውርደት አይደለም፤ አላህ ለችግረኛ የደለደለው ሐቅ ነው።

ለድግሱ የአርሲን ጓዳ ማየት ይበቃል። የገብስ ገንፎ በቅቤ፣ ጩኮ፣ የስንዴ ዳቦ፣ ቆሎና ወተት ከሱቅ ኬክና ለስላሳ የሚያንሱ አይደሉም። በረመዷን መጨረሻ ሳምንት ከሁለት ጎረቤት ጋር ዱቄቱን አንድ ላይ አስፈጭቶ፣ ዳቦውን በአንድ ምጣድ መጋገር ማገዶም ጉልበትም ይቆጥባል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኢድ ቀን ሁለት ልጃገረዶች በቤታቸው ሲያዜሙ እንዲተዉ ማለታቸው የሚያስተምረን፣ የቤት ደስታ ዋጋው ትንሽ መሆኑን ነው።

በአረፋ ጊዜ ደግሞ ቅርጫንና ኡድሒያን መለየት ያስፈልጋል። አንድ በግ ወይም ፍየል ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። በሬ ወይም ላም ለሰባት ሰው ይሆናል፤ ከሰባት በላይ ከተካፈሉት ሥጋው ሐላል ቅርጫ ነው እንጂ ኡድሒያ አይሆንም። በሐነፊይ መዝሀብ ሰባቱም ዒባዳ መነየት አለባቸው፤ በሻፊዒይ ግን አንዱ ሥጋ ብቻ ቢፈልግ የሌሎቹን አያበላሽም። የአራጁ ደመወዝ ከሥጋው ወይም ከቆዳው አይከፈልም። ኡድሒያ በብዙኃኑ ዑለማእ ዘንድ አቅም ላለው የጠነከረ ሱንና ነው፤ የሐነፊይ መዝሀብ አቅም ባለው ላይ ዋጂብ ያደርገዋል። አቅም በሌላት እናት ላይ በየትኛውም አይጠየቅም። ተበድራ እንድታርድ ከመገፋፋት ይልቅ ድርሻዋን መላክ የጎረቤት ሥራ ነው።

ሳንቲሙ ከየት ይምጣ?

እኔን የረዳኝ ሦስት ፖስታ ነው፦ ቤት፣ ኢድ፣ ድንገተኛ። በሳምንት 50 ብር የምትጥል እናት በ40 ሳምንት 2,000 ብር ታገኛለች። ኢድ በየዓመቱ ስለሚቀድም የዕቁቡ ዕጣ ከበዓሉ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ እንዲደርሳት በመስከረም መነጋገር አለባት። ከወለድ ነጻ የቁጠባ ሒሳብም አለ። ሱቅ የሚሰጠው ዱቤ «ቆይተሽ ብትከፍይ እንጨምራለን» የሚል ውል ካለበት ሪባ ነውና መሸሽ ነው።

ዕቃ ስትገዛም ቅደም ተከተል ይኑራት፦ ውኃ የሚያስገባው፣ ብርድ የሚያስገባው፣ ልጆች የሚተኙበት፣ በመጨረሻ እንግዳ የሚያየው። እኔ የመጀመሪያውን ኢድ ከመጨረሻው ነበር የጀመርኩት።

ለጎረቤቶችና ለመስጂድ ጀመዓዎችም አንድ ቃል፦ የቲም ያለባትን ቤት ስትረዱ በሰው ፊት ፎቶ አታንሱ። አንድ ጋሪ ጭድ መላክ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ወጣት ለምርጊት ማሰማራት ወይም ቆርቆሮ የሚመታ ሰው ማገናኘት ከልብስ ስጦታ የበለጠ ሊጠቅም ይችላል።

ኢማም ሻፊዒይ በ150 ዓመተ ሂጅራ በጋዛ ተወልደው አባታቸውን በሕፃንነት ያጡ፣ እናታቸው ወደ መካ ወስዳ በችግር ያሳደገቻቸው ልጅ ነበሩ። ኢማም አሕመድም እንዲሁ የእናት እጅ ያፈራቸው ናቸው። ከነዚያ ቤቶች የተረፈን ዕውቀቱ ነው።

ዘንድሮ ጭቃውን ያቦካችው ልጄ ናት፤ ቁመቷ ስንጥቁ ከሚጀምርበት በላይ ደርሷል። ኖራው ሲደርቅ ዘወር ብላ «እማ፣ ሰው እንጥራ?» አለችኝ። ጠራን፤ ገንፎና ቡና ነበረን።

አላህ የቲሞቻችንን በሐላል ሪዝቅ ያሳድግልን፤ በየቤታችን በረካውን ያውርድልን። ወላሁ አዕለም።