የፈይለካ ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን፦ የጭቃ ጡብና ጀሶ የሚመሰክሩት ታሪክ

ኩዌት ከተማ፦ ከመዲናዋ የባሕር ዳርቻ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የፈይለካ ደሴት በይበልጥ የምትታወቀው በዲልሙን ሥልጣኔ ቅሪቶቿና ግሪኮች በሠሩት ምሽግ ነው። በደሴቲቱ መካከል ግን ሌላ ታሪክ ያለው ስፍራ ይገኛል። ስሙ በዐረብኛ «አል-ቁሱር» ሲሆን ትርጉሙም «ቤተ መንግሥቶች» ማለት ነው። ይሁንና የፈረንሳይ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1989 ከዚያ ምድር ያወጡት ቤተ መንግሥት ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ነበር።

የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ገጠር ቤተ ክርስቲያናት በድንጋይ ግንብ፣ በድንጋይ ማጥመቂያና በእንጨት አግዳሚ ወንበሮች ይታወቃሉ። የፈይለካዋ የተሠራችው ግን ባሕረ ሰላጤው ከሚሰጠው ነገር፣ ማለትም ከጭቃ ጡብና ከልስን ነው። ሰፊ መካከለኛ አዳራሽና ግራና ቀኝ ጠባብ አዳራሾች አሏት፤ በስተ ምሥራቅ መቅደሱ ይገኛል። ከጌጦቿ ሁሉ የሚልቁት በጀሶ ላይ ተቀርጸው በእፅዋት ምስል ያጌጡ መስቀሎች ናቸው። በዙሪያዋም ግቢ ያላቸው ቤቶች ተበታትነው ይታያሉ። ምእመናኑ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ይኖሩ ከነበሩት የምሥራቅ ሶርያ ክርስቲያኖች ወገን ነበሩ።

ተመራማሪዎች መጀመሪያ ላይ ሕንፃዋ ከእስልምና በፊት የነበረች መስሏቸው ነበር። የሸክላ ስብርባሪዎቹ በጥልቀት ሲመረመሩ ግን መንደሩ ከ7ኛው እስከ 9ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ይኖርበት እንደነበር ተረጋገጠ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ.) የመሩት ሠራዊት በዛሬዋ ኩዌት ምድር በካዚማ ድል ያደረገው በ633 ነው። እንግዲህ አካባቢው በሙስሊሞች አስተዳደር ሥር ከገባ በኋላም በደሴቲቱ ላይ የክርስቲያኖች ጸሎት አልተቋረጠም ማለት ነው።

ይህ ለሙስሊም አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። የተከበረው ቁርኣን በሱረቱል ሐጅ 40ኛ አንቀጽ ገዳማትን፣ ቤተ ክርስቲያናትን፣ ምኩራቦችንና መስጂዶችን በአንድነት ያነሣል። ለኢትዮጵያዊውም ነገሩ የቅርብ ነው፤ በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱትን ሰሓቦች የተቀበለውና ያስጠለለው የሐበሻው ክርስቲያን ንጉሥ ነጃሺ ነበርና። በአክሱም የሙስሊሙ ጉርብትና እንደተከበረ ሁሉ፣ በፈይለካም የክርስቲያኑ ጉርብትና ተከብሯል።

የቁፋሮው ሥራ በ1990 በኢራቅ ወረራ ተቋረጠ፤ ነዋሪዎቹም ደሴቲቱን ለቀው ወደ ዋናው ምድር ተሻገሩ። ከ2011 ጀምሮ የኩዌትና የፈረንሳይ የጋራ ቡድን ከብሔራዊ የባህል፣ የኪነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ምክር ቤት ጋር በመሆን ጥናቱን ቀጥሏል። ጊዜው ግን ይጣደፋል። ከመሬት የወጣ የጭቃ ጡብ በነፋስ፣ በዝናብና በጨው ይፈርሳል፤ ጀሶም ይረግፋል። ድንጋይ ዘመናትን ይሻገራል፤ ጭቃ ግን ጠባቂ ይሻል። ይህች ሕንፃ ከጠፋች የምትጠፋው የአንድ እምነት ቅርስ ብቻ አይደለችም፤ የሙስሊሞች የጉርብትና ታሪክም አንድ ምስክሩን ያጣል።