ሥር የሰደደ ብግነት፣ ማክሮፌጅና የጉበት ካንሰር

ማክሮፌጅ ከነጭ የደም ሕዋሳት ወገን የሆነ የመከላከያ ሕዋስ ነው። ወደ ሰውነት የገቡ ተሕዋስያንንና የሞቱ ሕዋሳትን ውጦ ያስወግዳል፤ ቁስል እንዲሽርም ያግዛል። ሰውነት ሲጠቃ የሚፈጠረው መቆጣት ብግነት ይባላል፤ መንስኤው ሲወገድም ይበርዳል።

መንስኤው ለዓመታት ሳይወገድ ከቀረ ግን ማክሮፌጆች የሚያመነጯቸው ንጥረ ነገሮች ጤናማ ሕዋሳትንም ይጎዳሉ። የተጎዱት ሕዋሳት በተደጋጋሚ በሚተኩበት ጊዜ በዘረመላቸው ላይ ስሕተት የመፈጠር ዕድሉ ይጨምራል፤ ይህም ለካንሰር በር ይከፍታል። ካንሰር ከተፈጠረ በኋላም አንዳንድ ማክሮፌጆች ዕጢው አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲያገኝ በመርዳትና ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳትን በማዳከም ዕድገቱን ያግዛሉ።

በአገራችን ለዚህ አንዱ ማሳያ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ቫይረሱ በጉበት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ብግነቱ በአብዛኛው ሕመም ሳይሰማ ጉበትን እያጠበሰ ይሄዳል፤ ውሎ አድሮም ሲሮሲስንና የጉበት ካንሰርን ሊያስከትል ይችላል።

በኅብረተሰቡ ዘንድ የዓይን ቢጫ መሆን «የወፍ በሽታ» እየተባለ ከሌሊት ወፍ ጋር ይያያዛል። ይሁን እንጂ ሄፓታይተስ ቢ የሚተላለፈው በተበከለ ደም፣ ጥንቃቄ በጎደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። ዓይኑ ቢጫ ያልሆነ ሰውም ቫይረሱ ሊኖርበት ይችላል።

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ ተካትቶ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። ከዚያ በፊት የተወለዱ ዜጎች ይህን ዕድል በሕፃንነታቸው አላገኙም። ስለሆነም ሕመም ባይሰማቸውም የደም ምርመራ ማድረጋቸው ተገቢ ነው።

በወሎ ሰፈርና በአካባቢው የሚኖሩ ተገልጋዮች በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ቀርበው ምርመራው የሚሰጥበትን ቦታ መጠየቅ ይችላሉ። ነፍሰ ጡር እናቶችም በክትትላቸው ወቅት ስለ ምርመራው የጤና ባለሙያ ሊያማክሩ ይገባል።

ቫይረሱ ተገኘ ማለት ካንሰር ተያዘ ማለት አይደለም። በባለሙያ ክትትል የሚወሰድ መድኃኒት የቫይረሱን መራባት በመግታት ብግነቱን ይቀንሳል፤ ለካንሰር የመጋለጥንም ዕድል ዝቅ ያደርጋል። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ ጉበትን ለከፋ ጉዳት ሊዳርግ ይችላል። ከቫይረሱ ነፃ ሆነው ያልተከተቡ ሰዎች ስለ ክትባቱ፣ ቫይረሱ የተገኘባቸው ደግሞ ስለ ትዳር ጓደኞቻቸውና ልጆቻቸው ምርመራ ባለሙያውን እንዲጠይቁ ይመከራል።